ጎልድፊሽ ስንት ሊትር ይበቃዋል?

በረት ለስንት ራስ እንደሚበቃ አይታችሁ ትገምታላችሁ። ለልጆች ጎልድፊሽ ስትገዙ ግን ሻጩ ትንሽ ክብ ብርጭቆ ያስታቅፋችኋል፤ አትቀበሉ። ዓሣው አሞኒያ የሚያስወጣው በዋናነት በስንጥቡ ስለሆነ፣ ውሃው ካነሰ በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል።

ድንቡሽ ላሉት ባለ ሁለት ጅራቶች ለመጀመሪያው 75፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 40 ሊትር ያህል ያዙ። ቀጭኑ ባለ አንድ ጅራት 30 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ስለሚችል ኩሬ ይሻለዋል።

የገንዳውን ርዝመት፣ ወርድና የውሃውን ከፍታ በሴንቲ ሜትር አባዝታችሁ ለ1000 አካፍሉ። 80 በ35 በ40 ቢሆን 112 ሊትር ነው፤ ውሃው ብቻ 112 ኪሎ ይመዝናልና ጠረጴዛውን አስቀድማችሁ ፈትሹ። ኦክስጅን የሚገባው በውሃው ገጽ ስለሆነ ከቁመታሙ ሰፊው ይመረጣል።

ማጣሪያ ግድ ነው። አሞኒያውን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ የመጀመሪያውን ወር በየሁለት ቀኑ ሩቡን ውሃ ቀይሩ፤ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ ሳይወገድ አይጨመር።