ኦፐሬቲንግ ሲስተምን ወደ ኤስኤስዲ ማዛወር

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የሚገኝ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በአሮጌ ኮምፒውተር ቢያዘጋጅ፣ ድካሙ ሁሉ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህ ዲስክ እየሠራ ሳለ ቢወድቅ አንባቢው ጫፍ ገጹን ሊጭረው ይችላል። ኤስኤስዲ ግን መረጃን በኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሚይዝ ተንቀሳቃሽ አካል የለውም፤ የዲስክ ዙር ስለማይጠብቅም ይፈጥናል።

ታዲያ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ስናዛውር ፋይሎችን መገልበጥ ብቻ ለምን አይበቃም? ኮምፒውተሩ ሲነሣ አስቀድሞ የሚፈልገው በተለየ የዲስክ ክፍል የተቀመጠውን የማስነሻ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ክፍሎቹን ሁሉ ከነአቀማመጣቸው የሚቀዳ ፕሮግራም እንጠቀማለን። አስቀድመን ግን ጽሑፋችንን በፍላሽ ላይ እናስቀር፤ መብራት በመሐል ቢጠፋ ቅጂው ጎደሎ ይሆናልና ባትሪው የተሞላ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ እናዘጋጅ። በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ከአዲሱ መነሣቱን ሳናረጋግጥ አሮጌውን አንደምስስ።