የራዲዮ ዜናና ሚዛኑ

ባለፉት ትምህርቶች የአድራጊንና የተደራጊን ግሥ ልዩነት፣ እንዲሁም የሌላ ሰው ንግግር በቀጥታና በተዘዋዋሪ እንዴት እንደሚጻፍ ተምራችኋል። ያ ትምህርት ለፈተና ብቻ የተሰጠ አይደለም። በየቀኑ ከራዲዮ የምትሰሙት ዜና ቀጥ ብሎ የሚቆመውም ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብለውም በእነዚሁ ግሦች አማካይነት ነው። ዜና በሁለት መንገድ ያደላል፤ አንደኛው ማንን አናግሮ ማንን ዝም እንዳሰኘ ሲመረመር ይገኛል፤ ሁለተኛው የተናጋሪውን ቃል በምን ዓይነት ግሥ እንዳሰረው ሲመረመር ይገኛል። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ልብ ይለዋል። ሁለተኛው ግን ሰዋስውን ከልቡ ባልተማረ ሰው ጆሮ ሳይታወቅ ያልፋል።

በቅድሚያ «የሕዝብ ራዲዮ» የሚለውን ሐረግ ትርጉም እንወስን። የሕዝብ ራዲዮ ማለት ከወጪው ብዙውን ወይም ከፊሉን ሕዝብ በግብር ወይም በፈቃድ ክፍያ የሚሸፍንለት፣ ለትርፍ ያልቆመ፣ ሆኖም የመንግሥት ቃል አቀባይ እንዳይሆን በሕግ የተወሰነ ጣቢያ ነው። ስለዚህ «የመንግሥት ራዲዮ» ከሚለው ሐረግ ጋር አንድ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ግን በወረቀት ላይ እንደተጻፈው ሁልጊዜ ጥርት ብሎ አይታይም። ይህንንም ለመረዳት ከብሪታንያ ራዲዮ፣ ከቢቢሲ ታሪክ አንድ ሁለት ምዕራፍ መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘጠኙ የአድማ ቀናት

ቢቢሲ በ1922 ሲመሠረት የራዲዮ መሣሪያ የሚሠሩ ኩባንያዎች ያቋቋሙት የንግድ ድርጅት ነበር። ጋዜጣ አሳታሚዎች ገበያችን ይወሰድብናል ብለው ስለ ሰጉ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ዜና ማሰማት አይፈቀድለትም ነበር። አከራካሪ ጉዳይ ማንሣትም የተከለከለ ነበር።

በ1926 የብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ባለቤቶች የቆፋሪዎችን ደመወዝ ሊቀንሱና የሥራውን ሰዓት ሊያስረዝሙ ተነሡ። ቆፋሪዎቹ እምቢ አሉ። ሌሎች የሠራተኛ ማኅበራትም ቆፋሪዎቹን በመደገፍ ሜይ 3 ቀን እኩለ ሌሊት ሲቃረብ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጀመሩ። ባቡሩ፣ አውቶቡሱ፣ ወደቡና ማተሚያ ቤቱ ቀጥ አለ። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የሚበልጡ ሠራተኞች ከቆፋሪዎቹ ጎን ቆሙ። የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ከአድማው ስለ ገቡ አብዛኞቹ ጋዜጦች መውጣት አቆሙ። መንግሥት በዊንስተን ቸርችል ኀላፊነት «ብሪቲሽ ጋዜት» የተባለ የራሱን ጋዜጣ አወጣ፤ ማኅበራቱም «ብሪቲሽ ወርከር» የተባለውን የራሳቸውን አወጡ። ሁለቱም ስለ አንድ አድማ ይጽፉ ነበር፤ የሁለቱ አገር ግን አንድ አይመስልም ነበር።

በዚህ ጊዜ በመላ አገሪቱ ሊሰማ የሚችል አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ እርሱም ራዲዮ ነበር። ከምሽት በፊት ዜና እንዳያሰማ የተደረገው ክልከላ ተነሥቶ ቢቢሲ ከጧት እስከ ማታ በቀን አምስት ጊዜ ዜና ማሰማት ጀመረ። ቸርችል ጣቢያውን መንግሥት ይያዘው ሲሉ አጥብቀው ጠየቁ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስታንሊ ቦልድዊን ግን በእጅ መያዙን አልወደዱም። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ጆን ሪዝ በዚያን ጊዜ የ36 ዓመት ሰው ነበሩ። እርሳቸውም የመንግሥቱንም የማኅበራቱንም መግለጫ በዜናው ውስጥ እንዲነበብ አደረጉ። እስከዚህ ድረስ ሚዛኑ የተስተካከለ ይመስላል።

አሁን ግን ማን በራሱ አንደበት እንደ ተናገረ እንመልከት። ሜይ 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሕዝቡ ንግግር አደረጉ፤ የተናገሩትም ከሪዝ መኖሪያ ቤት ሆነው ነበር። የሌበር ፓርቲ መሪ የነበሩት ራምሴ ማክዶናልድ እኔም ልናገር ብለው ጠየቁ፤ ሪዝ የማክዶናልድን ጥያቄ ለመንግሥት አቀረቡ፤ መንግሥት አልፈቀደም፤ ማክዶናልድም ሳይናገሩ ቀሩ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሁለቱ ወገኖች እንዲታረቁ ያዘጋጁት ጥሪ እንኳ በወቅቱ ሳይሰማ ለቀናት ቆየ። ሪዝ ራሳቸው በዕለት ማስታወሻቸው ላይ መንግሥት እውነተኛ ገለልተኞች እንዳንሆን ሊተማመንብን ይችላል የሚል ሐሳብ አስፍረዋል። ይህ ለሕዝብ የተነገረ ቃል ስላልሆነ ይበልጥ ሊታመን የሚገባው ይመስለናል።

በሪዝ ላይ ፍርድ ለመስጠት አትቸኩሉ። የነበራቸው ምርጫ ጠባብ ነበር፤ እምቢ ቢሉ ጣቢያው በቸርችል እጅ ሊገባ ይችል ነበር። ነገር ግን በዌልስ ሸለቆ ውስጥ ደመወዙ ሊቀነስበት የነበረውን ቆፋሪ ደግሞ አስቡት። ስለ እርሱ የተጻፈ መግለጫ ሲነበብ ሰምቷል፤ በእርሱ ወገን የቆመ ሰው በራሱ ድምፅ ሲናገር ግን አልሰማም። አንድ ዳኛ ከሳሽን በአካል አቁሞ እያናገረ የተከሳሹን መልስ ግን በጸሐፊ ቢያስነብብ፣ ሁለቱንም ሰምቻለሁ ቢልም የሚያምነው የለም። አድማው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሜይ 12 ቀን ተቋረጠ። ቆፋሪዎቹ ብቻቸውን ለወራት ቀጥለው በዓመቱ መጨረሻ በአነሰ ደመወዝና በረዘመ ሰዓት ወደ ጉድጓዱ ተመለሱ። ቢቢሲ ግን በጃንዋሪ 1927 በንጉሣዊ ቻርተር የሕዝብ ድርጅት ሆነ፤ አከራካሪ ጉዳይ እንዳያነሣ የተጣለበትም ክልከላ በ1928 ተነሣ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ፈተና መጣ። በ1956 ብሪታንያና ፈረንሳይ ስለ ስዊዝ ቦይ ከግብፅ ጋር ሲዋጉ ጠቅላይ ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን ኖቬምበር 3 ቀን ለሕዝቡ ንግግር አደረጉ። የተቃዋሚው ፓርቲ መሪ ሂዩ ጌትስኬል የመልስ ጊዜ ጠየቁ። የብሪታንያ ወታደሮች ኖቬምበር 5 ቀን ፖርት ሰዒድ ላይ ሊያርፉ ነበርና ብዙዎች በጦርነት ጊዜ መንግሥትን መቃወም ክህደት ነው ይሉ ነበር። ቢቢሲ ግን ጊዜውን ሰጠ። ጌትስኬል ኖቬምበር 4 ቀን በራሳቸው ድምፅ ተናገሩ፤ ኤደን ከሥልጣን እንዲወርዱም ጠየቁ። በ1926 ማክዶናልድ የተነፈጉትን ጌትስኬል በ1956 አገኙ።

«ጦራችን» ወይስ «የብሪታንያ ጦር»?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተናጋሪዎች ነው። አሁን ወደ ቃላቱ እንለፍ። በ1982 ብሪታንያና አርጀንቲና ስለ ፎክላንድ ደሴቶች ሲዋጉ ቢቢሲ «ጦራችን» አላለም፤ «የብሪታንያ ጦር» ይል ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርና ብዙ የፓርቲያቸው አባላት በዚህ ተቈጡ፤ የራስንና የጠላትን ወገን እኩል ማየት ነው አሉ። ጣቢያው በበኩሉ ዜናውን የሚሰማው ሰው በአገር ውስጥ ብቻ አለመሆኑንና የጣቢያው ተአማኒነት በዚህ ላይ የቆመ መሆኑን በማመልከት ተከራከረ።

በእንግሊዝኛ አንድ ራሱን የቻለ ቃል የሚሸከመውን ይህን ጠብ በአማርኛ አንድ ምዕላድ ይሸከመዋል። «ጦር» በሚለው ስም ላይ «-ኣችን» ሲጨመር አንባቢው ዜና ነጋሪ መሆኑ ቀርቶ ከተዋጊዎቹ አንዱ ይሆናል። ሰሚውንም ሳያስፈቅድ አብሮ ያሰልፈዋል። አንድ ሰው በሰርግ ቤት «ልጃችን» ቢል ደስ ያሰኛል፤ በዜና ውስጥ ግን የባለቤትነት ምዕላድ ባያችሁ ቁጥር ቆም ብላችሁ «የማን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ያሉትን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ። «ፖሊሶች በሰልፈኞቹ ላይ አስለቃሽ ጭስ ተኮሱ።» «በሰልፈኞቹ ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ።» «በሰልፉ ላይ ግጭት ተፈጠረ።» በመጀመሪያው ባለቤቱ በግልጽ አለ። በሁለተኛው ግሡ ተደራጊ ስለ ሆነ ተኳሹ ጠፍቷል። በሦስተኛው ጭሱም አብሮ ጠፍቶ ግጭቱ ማንም ሳይጠራው እንደ መጣ ዝናብ ሆኗል። ሦስቱም ሐሰት አይደሉም፤ አስቸጋሪውም ይኸው ነው። ተደራጊ ግሥ በራሱ ነውር የለበትም፤ አድራጊው በእርግጥ ካልታወቀ በእርሱ መጠቀም ሐቀኝነት ነው። ነገር ግን በአንድ ዜና ውስጥ «ሰልፈኞቹ ድንጋይ ወረወሩ» ተብሎ ወዲያው «ጭስ ተተኮሰ» ከተባለ፣ የአንዱ ወገን ሥራ ባለቤት አግኝቶ የሌላው ሥራ ባለቤት ተነፍጎታል።

የንግግር ግሦች ደግሞ ከዚህ ይረቅቃሉ። «ሥራ አስኪያጁ የደመወዝ ጭማሪ መደረጉን ገለጹ» በሚለው ዓረፍተ ነገርና «ሥራ አስኪያጁ የደመወዝ ጭማሪ አድርገናል አሉ» በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። በሁለተኛው ዜና አንባቢው የሰውየውን ቃል ለሰውየው ይተውለታል፤ ጭማሪው መኖር አለመኖሩ ገና የሚጣራ ነው። በመጀመሪያው ግን «መደረጉን» የሚለው ቃል ተሳቢ ሆኖ ስለ ገባ ጭማሪው እንደ ተፈጸመ ነገር ተቈጥሯል፤ «ገለጹ» የሚለውም የተሸፈነውን እውነት መክፈት ነው። «አስረዱ» ከሆነ ደግሞ ያልገባው ሰሚው እንጂ የተሳሳተ ተናጋሪ የለም ማለት ነው። «አመኑ» ሲባል ጥፋት እንዳለ አስቀድሞ ይነገራል፤ «ደሰኮሩ» ሲባል የተነገረው ሳይሰማ ይናቃል። የአማርኛ ዜና «ገለጹ» የሚለውን ግሥ ከመጠን በላይ መውደዱ የቈየ ልማድ ነው፤ «አሉ» ግን ትንሽና ተራ ቢመስልም ከሁሉ ይልቅ ቀጥ ያለው ግሥ ነው።

አንቱታንም አትርሱ። እንግሊዝኛ ይህ ዓይነት ፈተና የለበትም። በአንድ ዜና ውስጥ ሥራ አስኪያጁ «ተናገሩ» ተብሎ የሠራተኞቹ ተወካይ «ተናገረ» ቢባል፣ የክርክሩ ፍሬ ነገር ገና ሳይሰማ ማን ትልቅ ማን ትንሽ እንደ ሆነ ተወስኗል። ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨውን ዶይቸ ቬለን የመሰለ የውጭ ጣቢያ ዜናውን ከሌላ ቋንቋ ሲመልስ በዋናው ጽሑፍ ያልነበረ ምርጫ ይገጥመዋል፤ ስለ ሸማቂው መሪና ስለ ሚኒስትሩ በአንቱታ ይናገር ወይስ በአንተታ? ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መጥራት እንጂ አንዱን አክብሮ ሌላውን ማውረድ አይገባም።

«ግን» የሚለው መስተፃምርም ያዳላል። «ሠራተኞቹ ደመወዝ አነሰን ይላሉ፤ ድርጅቱ ግን ከስሬአለሁ ይላል» ሲባል የሰሚው ልብ ከድርጅቱ ጋር ይቀራል። ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ አንብቡትና የራሳችሁ ልብ ወዴት እንደሚሄድ ታዘቡ።

እኩል ጊዜ ሚዛን የማይሆንበት

አንዳንድ ተማሪ ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ለሁሉም ወገን እኩል ደቂቃ መስጠት ነው» ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ኦገስት 10 ቀን 2017 በቢቢሲ ራዲዮ «ቱዴይ» በተባለው ዝግጅት የቀድሞው የገንዘብ ሚኒስትር ናይጀል ላውሰን ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲጠየቁ ባለፉት ዐሥር ዓመታት የምድር ሙቀት በጥቂቱ ቀንሷል አሉ። ይህ ከተለካው ጋር የሚጋጭ ነበር። ጠያቂው ግን በሚገባ አልሞገቷቸውም። የሥርጭት ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኮም በ2018 ጣቢያው የትክክለኛነትን ደንብ ጥሷል ሲል ወሰነ። አድማ ትክክል ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ሁለት አስተያየት አለ፤ ቴርሞሜትር በሚያሳየው ቍጥር ላይ ግን ሁለት አስተያየት የለም። ሚዛን የሚያስፈልገው ለአስተያየት ነው፤ ለቍጥር የሚያስፈልገው ማጣራት ነው።

ታዲያ ሚዛኑ መዛባቱን ማን ይፈርዳል? በዚህ ጥያቄ ላይ የአሜሪካ ምሳሌ ጠቃሚ ነው። በ1967 የወጣው የአሜሪካ የሕዝብ ሥርጭት ሕግ በአከራካሪ ጉዳዮች ላይ ሚዛናዊነት እንዲጠበቅ ያዝዛል። በ1970 የተቋቋመው ኤንፒአር የተባለው የሕዝብ ራዲዮ ለብዙ ዓመታት ወደ ግራ ያዘነብላል የሚል ክስ ሲቀርብበት ቈይቷል፤ በ2024 ከራሱ ነባር አዘጋጆች አንዱ ይህንኑ ክስ በይፋ ጽፈዋል፤ የጣቢያው ኀላፊዎች ግን አልተቀበሉትም። በ2025 የአገሪቱ ምክር ቤት ለሕዝብ ሥርጭት ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ያህል ዶላር ሰረዘ። ክሱ እውነት ይሁን ሐሰት፣ እዚህ ላይ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፤ ከሳሹ ፖለቲከኛ፣ ዳኛው ፖለቲከኛ፣ የገንዘቡ ቁልፍ ያዥም ፖለቲከኛ ሆኖ ተገኝቷል። በገጠር ያለችው ትንሽ ጣቢያ ያወራችው ስለ በረዶ ማዕበልና ስለ መንገድ መዘጋት ቢሆንም ቅጣቱ እርሷንም ደርሷታል።

መልመጃ

ከዚህ በታች ያለው የአንድ ዜና አጠናቃሪ ማስታወሻ ነው። በአንዲት ከተማ የአውቶቡስ ታሪፍ በ2 ብር ጨመረ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ የነዳጅና የመለዋወጫ ዋጋ ንሯል ይላሉ። የተሳፋሪዎች ተወካይ ተማሪዎችና የቀን ሠራተኞች መክፈል አይችሉም ትላለች። ማክሰኞ ጧት 40 ያህል ሰዎች በአውቶቡስ ማቆሚያው ተሰበሰቡ፤ የአንድ አውቶቡስ መስተዋት ተሰበረ፤ የሰበረው ሰው አልታወቀም።

ማስታወሻውን መሠረት በማድረግ ከስምንት ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ የራዲዮ ዜና ጻፉ። በማስታወሻው ውስጥ ራሱ አንድ አድልዎ አለበትና አስቀድማችሁ ፈልጋችሁ አርሙት። ከዚያም ደብተራችሁን ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋወጡ፤ በጓደኛችሁ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት የንግግር ግሦች ሥር አስምሩ፤ ባለቤቱ የጠፋበትን ዓረፍተ ነገር ለይታችሁ አድራጊው ያልታወቀ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። በመጨረሻም የተሰመረባቸውን ግሦች ሁሉ «አሉ» በሚለው ተክታችሁ ዜናውን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ እንደገና አንብቡት።