ሀዲድ እንዴት ይታጠፋል?

ለኛ ለአቃቂ ቃሊቲ ልጆች ባቡር እንግዳ ነገር አይደለም። ከጅቡቲ ተነስቶ ለገሃር ይገባ የነበረው የድሮው ባቡር የሚያልፈው በአቃቂ ነበር። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም አንዱ መስመሩ ቃሊቲ ድረስ ይመጣል። እኔም ለሳይንስ ኤግዚቢሽናችን የሚታጠፍ ሀዲድ በሽቦ እየሠራሁ ስለሆነ አሠራሩን ላሳያችሁ።

በመጀመሪያ 6 ሳ.ሜ ርዝመት ያላቸው ጠባብ የካርቶን ቁራጮች አዘጋጁ። እነዚህ ከሀዲዱ ሥር እንደሚጋደሙት እንጨቶች ናቸው። በላያቸው ሁለት እኩል ሽቦዎችን በ4 ሳ.ሜ ርቀት ዘርጉ። የመጀመሪያው ካርቶን ላይ ሁለቱንም በመርፌና በክር አጥብቃችሁ ስፉ። በሌሎቹ ላይ ግን ከኩርባው ውጪ የሚሆነውን ሽቦ ብቻ አጥብቁ፤ የውስጡ እንዲንሸራተት ላላ ይበል። አሁን ቀስ እያላችሁ እጠፉት። አያችሁ? የውስጡ ሽቦ ጫፍ ተርፎ ይወጣል!

ለምን? በሒሳብ እንደተማርነው የክብ ዙሪያ 2 × 3.14 × ሬድየስ ነው። ሩቡ 1.57 × ሬድየስ ይሆናል። የውስጡ ሬድየስ 20 ሳ.ሜ ከሆነ ርዝመቱ 31.4 ሳ.ሜ ነው። የውጪው ሬድየስ 24 ሳ.ሜ ስለሆነ ርዝመቱ 37.68 ሳ.ሜ ነው። ልዩነቱ 6.28 ሳ.ሜ። ኩርባውን አስፍተን 60 እና 64 ሳ.ሜ ብናደርገውስ? 94.2 እና 100.48 ይመጣል። ልዩነቱ አሁንም ያው 6.28 ነው! ልዩነቱን የሚወስነው የኩርባው ስፋት ሳይሆን በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ርቀት ነው።

ስለዚህ ሽቦውን አስቀድማችሁ አትቁረጡ፤ ሽቦ ውድ ነው። መጀመሪያ እጠፉ፣ ቀጥሎ ትልቅ ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፉ፣ መጨረሻ ላይ የተረፈውን በፒንሳ ቁረጡ።

በእውነተኛው ሀዲድም እንዲሁ ነው። የድሮው ባቡር ሀዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለነበር በሩብ ክብ ላይ ልዩነቱ 1.57 ሜትር ይሆናል። የቀላል ባቡሩ ስፋት 1.435 ሜትር ነው፤ ልዩነቱም 2.25 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ታዲያ የባቡር ሁለት ጎማዎች በአንድ ብረት ተያይዘው እኩል እየዞሩ፣ የውጪው ረጅሙን መንገድ እንዴት ይጨርሳል? ጎማው በውስጥ በኩል ወፈር፣ በውጪ በኩል ቀጠን ያለ ነው። ኩርባ ላይ ባቡሩ ወደ ውጪ ገፋ ሲል የውጪው ጎማ በወፍራሙ፣ የውስጡ በቀጭኑ ይሽከረከራል። ሀዲዱን እንዳይለቅ ደግሞ በውስጥ በኩል አጭር ከንፈር አለው።

ያ ከንፈር አጭር ነው፤ ድንጋይ ጎማውን ካነሳው ባቡሩ ከሀዲዱ ሊወጣ ይችላል። ባቡር እንደ መኪና መሪ አዙሮ አያመልጥም፣ ቶሎም አይቆምም። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ሀዲድ ላይ ድንጋይ አናስቀምጥ፤ ኩርባ ጋ ደግሞ የሚመጣው ባቡር ስለማይታየን አንሻገር።

ጥያቄ፦ የሽቦዎቹ ርቀት 5 ሳ.ሜ ቢሆን፣ በግማሽ ክብ ላይ ስንት ሳ.ሜ ይተርፋል? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ስጡ።