«መጣሁ» ኀላፊ ነውን?
ለማስተማር ልምምድ ለሚወጡ ጓደኞች

እንግሊዝኛ ለማስተማር የምንሰናዳ ተማሪዎች የሰዋስውን ስሞች ጠንቅቀን እናውቃለን ብለን መኩራታችን የታወቀ ነው። እኔም ባለፈው ዓመት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ እንዲሁ ኰርቼ ነበር። በሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት ቆሜ «ፓስት ቴንስ ማለት ኀላፊ ጊዜ ነው፤ አይ ኬም ማለት መጣሁ ማለት ነው» ብዬ በሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እናቴ ስትጠራኝ ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ መጣሁ እላታለሁ። እሱም ኀላፊ ነው?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን መልስ ስላልነበረኝ «እሱ ሌላ ነው» ብዬ አለፍሁት። ልጅቱ እጇን ያወረደችበት ሁኔታ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ነገሩን ቈይቼ ስመረምረው ስሕተቱ የልጅቱ ሳይሆን የቃሌ ሆኖ አገኘሁት። እንግሊዞች ታይም የሚሉት በሰዓትና በቀን የሚቈጠረውን ጊዜ ነው፤ ቴንስ የሚሉት ግን ግሡ የሚይዘውን መልክ ነው። እኛ ሁለቱንም «ጊዜ» ብለን በአንድ ስም እንጠራቸዋለን፤ ስለዚህ መልኩ የኀላፊ ከሆነ ነገሩም ያለፈ ይመስለናል። ልጅቱ «መጣሁ» ስትል መልኩ የኀላፊ ነው፤ መምጣቱ ግን ገና ነው። በእንግሊዝኛ ይህን ለማለት «አይም ካሚንግ» ይባላል እንጂ «አይ ኬም» አይባልም። እንግሊዝኛም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ «ዘ ባስ ሊቭስ ቱሞሮው» ሲባል መልኩ የአሁን፣ አውቶቡሱ የሚነሣው ግን ነገ ነው። የቅኔ ተማሪ ግሥ ሲያረባ ቀዳማይ፣ ካልኣይ፣ ሣልሳይ እያለ መልኮቹን በተራቸው መጥራቱ ከእኛ «ጊዜ» ይልቅ ለቴንስ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ።

ቅኔን ካነሣሁ ዘንድ ወሎ በሰዋስው ድኻ አለመሆኑን ላስታውስ። በአንድ ወገን የዋድላ ቅኔ አለ፤ በሌላው ወገን ደረሶች ነሕው የሚማሩበት የእስልምና ትምህርት አለ። በነሕው ቃል ሦስት ክፍል ብቻ ነው፤ ኢስም፣ ፊዕልና ሐርፍ። ቅጽልም ተውላጠ ስምም በኢስም ውስጥ ይገባሉ። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በ1935 ዓ. ም. ባሳተሙት የአማርኛ ሰዋስው የቃል ክፍሎች ስምንት ናቸው፤ ፕሮፌሰር ባዬ ይማም በ1987 ዓ. ም. መጽሐፋቸው አምስት አድርገዋቸዋል። ሦስትም ስምንትም አምስትም ያለው ሁሉ በራሱ መለኪያ ልክ ነው። እንግዲህ ነሕው የቀራ ተማሪ «ቅጽልማ ስም ነው» ብሎ ቢከራከር ከማሳፈር በፊት መለኪያውን መጠየቅ ይበጃል።

ስምና ግሥ ብዙ አያስቸግሩም ይባላል፤ ይሁን እንጂ «ራበኝ» ግሥ ሲሆን በእንግሊዝኛው «አይ አም ሀንግሪ» ውስጥ ራቡ የገባው በቅጽል ነው። የባሰው ግን መስተዋድድ ነው። ፕሪፖዚሽን በስሙ እንኳ «ከፊት የሚቀመጥ» ማለት ነው፤ የእኛ መስተዋድድ ግን «በጠረጴዛው ላይ» ስንል ስሙን ከፊትም ከኋላም ይይዘዋል። ሁለቱን አንድ ናቸው ብለን ካስተማርን ተማሪው ለ«በ» አንድ፣ ለ«ላይ» አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል መፈለጉ አይቀርም።

አርቲክልም እንደዚሁ ነው። «ቤቱ ተሸጠ» የሚለውን አንዱ ተማሪ «ዘ ሃውስ»፣ ሌላው «ሂዝ ሃውስ» ብሎ ቢተረጕመው ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ በአማርኛ ያችው አንዲት ምዕላድ የታወቀውንም ቤት የእርሱንም ቤት ታመለክታለችና። ብዙ መምህራን በዚህ ቦታ ቀይ መስመር ሲያሰምሩ አይቻለሁ፤ እኔም አስምሬአለሁ።

ስለ ድምፅ ባጭሩ ልበል። ፊደልና ድምፅ ለየብቻ ናቸው። በእንግሊዝኛ ፊደሉ 26 ሲሆን ድምፁ በእንግሊዝ አገር መደበኛ አነጋገር 44 ያህል ነው። በእኛ «ደ» አንድ ፊደል ሲሆን በውስጡ ሁለት ድምፅ አለበት፤ ተነባቢና አናባቢ። ተማሪው «ስኩል» በማለት ፈንታ «እስኩል» የሚለው ሁለት ተነባቢ በቃል መጀመሪያ ተጋጥመው እንዲቆሙ አፉ ስላልለመደ ነው እንጂ ስለ ሰነፈ አይደለም።

በሳምንቱ ወደዚያው ክፍል ተመልሼ «መጣሁ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ጻፍሁ፤ ከአንደኛው ጎን «አይ ኬም»፣ ከሁለተኛው ጎን «አይም ካሚንግ» አኖርሁ። ለልጅቱም ያለፈው ሳምንት ጥያቄዋ ትክክል እንደ ነበረ በክፍሉ ፊት ነገርኋት። ከዚያም ከየቤታቸው እንዲህ ያለ ቃል እንዲያመጡ አዘዝሁ። በማግሥቱ አንዱ ደጅ ላይ ቆመው የሚሉትን «በሉ ሄድኩ» አመጣ፤ ይህ ቶሎ ተፈታ። ልጅቱ ያመጣችው «በራብ ሞትኩ» ግን እስከ ደወሉ ድረስ አከራከረን።