በሥራ ላይ መማር ሲባል

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ትምህርታችንን ከመጨረሳችን በፊት ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ መሥሪያ ቤት ለልምምድ እንላካለን። ሁሉም «ልምምድ» ይባል እንጂ ዓይነቱ አንድ አይደለም።

የመምህርነት ሠልጣኝ በመጀመሪያ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነባሩን መምህር ይመለከታል፤ ቀጥሎ ራሱ ጠመኔውን ይይዛል፣ መምህሩም በተራው ይታዘበዋል። የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ደግሞ ጊዜውን ለኮሌጁና ለድርጅቱ ያካፍላል።

ከሁሉ ይልቅ ልናተኩርበት የሚገባን ግን የጎንደሩ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 በጣና ዙሪያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። በዚያም ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በጤና ጣቢያ አብረው ይሠለጥኑ ነበር። ይኸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። መኮንኑ የወባ በሽተኛውን አክሞ ቢልከው፣ በቤቱ አጠገብ ያቆረው ውኃ ካልተፋሰሰ ሰውየው ተመልሶ ይመጣል። ይህን ደግሞ መኮንኑ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሳኒታሪያኑ ጋር መንደር ወርዶ ይማረዋል። የቡድን ሥልጠናው በጎንደርም በጅማም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በጅማ ተማሪዎቹ ወደ ሕዝቡ ወጥተው ቤት ለቤት እየጠየቁ ችግሩን ያጠናሉ፤ ከነዋሪው ጋር መክረው ዕቅድ ያወጣሉ፤ ከዚያም ያቀዱትን ይሠራሉ።

በ1964 (አሁንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ግን ከዚህ ይለያል። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ያገለግል ነበር፤ አብዛኛውም በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሪ ሆነ። ሕግ የሚያጠናው ወጣት ሒሳብ ሲያስተምር አገሩን ይማራል እንጂ ሕጉን አይማርም። ስለዚህ እኛ አገልግሎት እንጂ የሙያ ሥልጠና አንለውም፤ ክብሩ ግን አይቀነስበትም።

ተማሪው «አፓረንት» የሚለውስ? እዚህ ላይ ነው ሥጋታችን። ከታላላቆቻችን እንደሰማነው፣ ወራቱን ፋይል ሲያመላልስ፣ ሻይ ሲያመጣ ከርሞ በመጨረሻ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ የሚመለስ አለ። ድርጅቱም ኮሌጁም አይጠይቁት። ማሽኑን ሳይነካ ተመረቀ ማለት ነው፤ ነገ የሚቀጥረው ሰው ግን ማሽኑን ያስነካዋል!

እንግዲህ ስንላክ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያሠራንን ባለሙያ በስሙ እንጠይቅ። የሠራነውን በየማታው በደብተር እንጻፍ፣ ያም ሰው አይቶ ይፈርምበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚጻፍ ነገር ካጣን፣ ወሩ እስኪያልቅ ሳንጠብቅ ለኮሌጁ ተቆጣጣሪ መምህር ደብተሩን ይዘን እንቅረብ።