በኃጢአት መኖርና በእምነት መኖር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፣ ባለፈው በክፍላችን ውይይት ላይ አንዲት እኅታችን እንዲህ ስትል ጠየቀች፤ «የማያምን ሰው ይዋሻል፤ ይሰርቃል። እኛም እናምናለን እያልን እንዋሻለን፤ የሰው ገንዘብ እንነካለን። ታዲያ በኃጢአት መኖርና በእምነት መኖር ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?» ጥያቄው ቀላል አልነበረም፤ ብዙዎቻችን ዝም አልን። እኔ ግን ዝም ያልኩት መልሱ ጠፍቶኝ ሳይሆን በራሴ ላይ የደረሰውን መናገር ስለከበደኝ ነበር። ያን ዕለት ያልተናገርኩትን ዛሬ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

1ኛ. በኃጢአት መኖር ምን ማለት ነው?

በኃጢአት መውደቅና በኃጢአት መኖር አንድ አይደሉም። መንገደኛ እንቅፋት መትቶት ሊወድቅ ይችላል፤ ነገር ግን አቧራውን አራግፎ ይነሣል እንጂ በወደቀበት ቦታ ጎጆ ቀልሶ አይቀመጥም። በኃጢአት መኖር ማለት በወደቁበት ጎጆ መቀለስ ነው።

አዳምና ሔዋን ትእዛዙን ካፈረሱ በኋላ ምን አደረጉ? በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 እንደምናነበው ከእግዚአብሔር ፊት በዛፎች መካከል ተሸሸጉ። ሲጠየቁም አዳም በሔዋን፣ ሔዋን በእባብ አመካኙ። እንግዲህ የኃጢአት ኑሮ ሁለት ምልክቶች አሉት ማለት ነው፤ ይኸውም መደበቅና ማመካኘት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 6፣ ሰው ለሚታዘዘው ነገር ባሪያ እንደሚሆን ያስተምራል። ኃጢአት መጀመሪያ እንደ እንግዳ ይገባል፤ ውሎ ሲያድር የቤቱ ጌታ ይሆናል። አባቶቻችን «ኃጢአት ሲደጋገም ጽድቅ ይመስላል» ያሉት ይህን አይተው ነው።

2ኛ. በራሴ ላይ የደረሰው

እናቴ የእድር መዋጮዋን በየወሩ በእኔ እጅ ትልክ ነበር። በሰፈራችን የእግር ኳስ ውጤት እየገመቱ ገንዘብ የሚያስይዙበት ቤት አለ። አንድ ቀን «ነገ አሸንፌ እተካዋለሁ» ብዬ የእድሩን ገንዘብ አስያዝኩት፤ ተበላ። በመጀመሪያው ወር ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሁለተኛው ወር የመጀመሪያውን ለማስመለስ ስል የሁለተኛውን አስያዝኩ። በሦስተኛውና በአራተኛው ወር እጄም ልቤም አልተንቀጠቀጠም። እናቴ «የመዋጮው ደብተርስ?» ስትለኝ «ከጸሐፊው ዘንድ ነው» እላት ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ እሑድ እሑድ ከእናንተ ጋር ቆሜ እዘምር እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

በአራተኛው ወር መጨረሻ በእድሩ ስብሰባ ላይ ውዝፍ ያለባቸው ሰዎች ስም ሲነበብ የእናቴ ስም ተጠራ። እናቴም ተነሥታ፣ «እኔ በየወሩ በልጄ እጅ እልካለሁ፤ ልጄ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ጥርጣሬው ሁሉ በጸሐፊው ላይ ወደቀ። እኒህ አዛውንት የእድሩን መዝገብ ያለ ደመወዝ ለዓመታት የያዙ ሰው ናቸው። ሰዎች «ስንቱን በልተውት ይሆን?» እያሉ ሲያንሾካሽኩ ሰማሁ። እኔ ግን ዝም አልኩ። ኃጢአት የሠሪው ብቻ ሆኖ አይቀርም የሚባለው እውነት ነው፤ የእኔን ጥፋት አንድ ንጹሕ ሽማግሌ ይሸከሙት ጀመር።

3ኛ. ከአባ ሙሴ ጸሊም ሕይወት

በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለሁ ሰኔ 24 ደረሰ፤ የአባ ሙሴ ጸሊም መታሰቢያ ቀን ነው። መምህራችን ታሪኩን ሲተርኩልን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አዳምጥ ነበር።

አባ ሙሴ በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረ፣ የጥንት ጸሐፊዎች በትውልዱ ኢትዮጵያዊ ነው የሚሉት አባት ነው። በግብፅ አገር የአንድ ባለሥልጣን አገልጋይ ሳለ በስርቆቱና በክፉ ጠባዩ ተባረረና የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። በ5ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ጳላድዮስ እንደሚተርከው፣ ቂም የያዘበትን እረኛ ለመግደል ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ የዓባይን ወንዝ በዋና ተሻግሯል፤ እረኛው ስላመለጠው በጎቹን አረደበት። እንዲህ ያለው ሰው ነው በኋላ ወደ ገዳመ አስቄጥስ መጥቶ ንስሐ ገብቶ የመነኰሰው።

ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በመነኰሰ ማግሥት ፈተናው አልተወውም፤ የድሮው ልማዱ ለዓመታት ታገለው። ነገር ግን በኃጢአት ይኖር እንደነበረበት ዘመን አልተደበቀም። ውጊያው ሲበረታበት ወደ አባ ኢሲድሮስ እየሄደ የልቡን ይነግራቸው ነበር፤ እርሳቸውም ከሚዋጉት ይልቅ የሚረዱት እንደሚበዙ እያሳዩ አጽናኑት። በሌሊት እየተነሣም ለደከሙ አረጋውያን መነኰሳት ውኃ ይቀዳላቸው ነበር። ጉልበቱ ያው የጥንቱ ጉልበት ነው፤ ጌታው ግን ተለወጠ። ሲነጥቅበት በነበረው ክንድ ይሸከምበት ጀመር።

አንድ ጊዜም መነኰሳቱ አንድ ጥፋተኛ ወንድም ላይ ለመፍረድ ተሰብስበው ቢያስጠሩት፣ የሚያንጠባጥብ ማድጋ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ቢሉት፣ የእኔ ኃጢአት ከኋላዬ ሳላየው እየፈሰሰ ሳለ በሌላው ልፈርድ መጣሁ በሚል ቃል መለሰላቸው። እነርሱም ያን ወንድም ይቅር አሉት።

4ኛ. በእምነት መኖር ምን ማለት ነው?

የማድጋውን ታሪክ ስሰማ መቀመጥ አልቻልኩም። ከጉባኤው በኋላ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። በጸሎትና በስግደት ብቻ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን፣ «ልጄ፣ ቀኖናውን እሰጥሃለሁ፤ አስቀድመህ ግን ለእናትህ ንገር፤ ቀጥለህ የሽማግሌውን ስም መልስ» አሉኝ።

ለእናቴ ስነግራት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ብዙ ቆየች። ከዚያም፣ «መጀመሪያ ጋሼን ይቅርታ ጠይቅ፤ የእኔ ይደርሳል» አለችኝ። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ቆሜ፣ «ገንዘቡን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ጋሼ ንጹሕ ናቸው» አልኩ። ጸሐፊው አልተቆጡኝም፤ መዝገባቸውን ገልጠው «መቼ ታስገባለህ?» ብቻ አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሕንፃ ሥራ አሸዋና ድንጋይ እየተሸከምኩ የአራቱንም ወር ከፈልኩ። የቀራጮቹ አለቃ ዘኬዎስም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 እንደተጻፈው ጌታን ወደ ቤቱ በተቀበለ ጊዜ የበደላቸውን ሰዎች ገንዘብ አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገብቷል። እምነቱ በእጁ ታየ።

ስለሆነም የእኅታችን ጥያቄ መልስ ይህ ይመስለኛል። በእምነት መኖር ከቶ አለመውደቅ አይደለም። በእምነት መኖር የእግዚአብሔርን ምሕረት ተማምኖ ከዛፉ ሥር መውጣት፣ «እኔ ነኝ» ማለት፣ የወሰዱትን መመለስና በየቀኑ መነሣት ነው። በኃጢአት የሚኖር ሰው ምሕረት መኖሩን ስለማያምን ይደበቃል፤ የሚያምን ሰው ግን የሚቀበለው አባት እንዳለው ስለሚያውቅ ይገለጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረታችንም ይህንኑ ይነግረናል።

ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ተስተካከለ ግን አልልም። እናቴ እስከ ዛሬ መዋጮዋን ራሷ ይዛ ትሄዳለች። በዚያ ቤት በኩል ሳልፍም እግሬ አንዳንዴ ይዘገያል፤ ስለዚህ መንገዴን ቀይሬአለሁ። ቢሆንም ሌሊት እተኛለሁ፤ ጋሼንም በመንገድ ሳገኛቸው ቀና ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ከእናንተ መካከል የደበቀው ነገር ያለ ቢኖር እንደ እኔ አራት ወር አይጠብቅ። ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ። በሌላ ሰው ላይ የወደቀ ጥርጣሬ ካለም ዛሬውኑ ያንሣለት።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

1. በኃጢአት መውደቅና በኃጢአት መኖር በምን ይለያያሉ?
2. ዘኬዎስ ገንዘቡን ባይመልስ ኖሮ ንስሐው ሙሉ ይሆን ነበርን?
3. የአባ ሙሴ ማድጋ በሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት ምን ያስተምረናል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።