መንገድ የሚለቅ ማን ነው?

የገነተ ማርያም ወጣቶች ሆይ፤ ለመጽሔታችን አንድ ትምህርት አዘል ጽሑፍ እንድልክላችሁ በጠየቃችሁኝ ጊዜ፣ ወደዚህ አገር ስለመጣሁበት ስለ ውኃ ምሕንድስና ልጽፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን በሆላንድ አገር በደልፍት ከተማ ስኖር ሳላስበው ብዙ ያስተማረኝ መንገዱ ስለ ሆነ፣ ስለ እርሱ መጻፍን መረጥሁ።

ትምህርቱ የጀመረው በጥፋት ነው። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ቀይ አስፋልት የለበሰ ጠበብ ያለ መንገድ አገኘሁና ለእግረኛ የተሠራ መስሎኝ በመካከሉ ስሄድ ከኋላዬ የብስክሌት ደወል ተሰማ። የተደወለው ለእኔ መሆኑን አላወቅሁም። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት እኔን ላለመግጨት መሪያቸውን ጠምዝዘው ከነብስክሌታቸው ወደቁ። ደንግጬ ባነሣቸው ጉልበታቸው ተልጦ ይደማል። አልተሳደቡም። ልብሳቸውን አራግፈው፣ «ይህ የብስክሌት ነው፤ የአንተ ያ ነው» ብለው የእግረኛውን መንገድ በጣታቸው አሳዩኝና እያነከሱ ሄዱ። በአገሬ ለእናት መንገድ ስለቅ ያደግሁ ልጅ፣ በሰው አገር እናት ጥዬ ቆምሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ከመስቀለኛው መንገድ ዳር ቆሜ መመልከትን ልማድ አደረግሁ። ያየሁትን በሦስት ከፍዬ ላስረዳችሁ።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ አለው። እግረኛው በጠርዙ፣ ብስክሌቱ በቀዩ፣ መኪናው በመካከሉ ይሄዳል። ሁለት ልጆች ከፊትና ከኋላ የጫነች እናት፣ ከረባት ያሰረ ሹም፣ ቦርሳ ያነገተ ተማሪ ሁሉም በብስክሌት ነው። የአገሩ ሕዝብ 18 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ የብስክሌቱ ቁጥር ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ተራው የታወቀ ነው። መብራትም ፖሊስም በሌለበት መገናኛ፣ ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣል። በአስፋልቱ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደሩ ነጭ ሦስት ማዕዘኖች ሲኖሩ ደግሞ፣ ጫፋቸው ወደ እርሱ የዞረበት ሰው ሌላውን ያሳልፋል። እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ድረስ ከቀኝ የሚመጣ ብስክሌት ለመኪና ይለቅ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ሕጉ ተለውጦ ባለብስክሌቱም እንደ ባለመኪናው ቅድሚያ አገኘ።

ሦስተኛ፣ ኃይለኛው ይበልጥ ይጠየቃል። መኪና እግረኛን ወይም ባለብስክሌትን ቢጎዳ፣ ነገሩ ከአቅም በላይ እንደ ነበረ ካልተረጋገጠ በቀር የካሣው ኃላፊነት በባለመኪናው ላይ ነው። የተጎዳው ከ14 ዓመት በታች ከሆነማ፣ ልጁ ቢሳሳት እንኳ ካሣው በባለመኪናው ላይ ይወድቃል ለማለት ይቻላል። ልጅ ሊሳሳት እንደሚችል አዋቂው አስቀድሞ ማሰብ አለበትና።

ይህን ሁሉ ሳይ፣ «እነዚህ ሰዎች ሲፈጠሩም ሥርዓት ያላቸው ናቸው» ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነበር። እዚህም አገር መኪና እየበዛ በሄደ ጊዜ ብስክሌቱ ተገፍቶ መንገዱ ለመኪና ተሰጥቶ ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. ብቻ 3,300 ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ሲሞት፣ ከመካከላቸው ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ሴት ልጁ በመኪና ተገጭታ የሞተችበት ቪክ ላንገንሆፍ የሚባል ጋዜጠኛ፣ በ1972 «የሕፃናቱ ግድያ ይቁም» በሚል ርእስ በጋዜጣ ጻፈ። በዚሁ ስም ማኅበር ቆመ፤ ወላጆች ከነልጆቻቸው አደባባይ ወጥተው መንገዱ እንዲስተካከል ጠየቁ። እዚሁ ደልፍት ውስጥ ደግሞ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ልጆች የሚጫወቱበት፣ መኪና በእግር ርምጃ ልክ ብቻ የሚያልፍበት «ቮንኤርፍ» የተባለ የሰፈር መንገድ ተሠራ፤ በ1976ም በሕግ ጸደቀ። ስለዚህ ዛሬ የማየው ሥርዓት ከልቅሶ የተገኘ ነው። በቅርብ ዓመታት በመንገድ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከ1971ዱ ሩብ እንኳ አይሞላም።

ይህን የምጽፍላችሁ ግን ሆላንድን ለማመስገን ብዬ አይደለም። ባለፈው ዓመት እናቴ በስልክ ስታወራኝ፣ ቅዳሜ ወደ ላሊበላ ገበያ አህያ እየነዳ ይሄድ የነበረ የጎረቤታችን ልጅ በጭነት መኪና ተገጭቶ እግሩ መሰበሩን ነገረችኝ። «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ነው፤ እንኳን ነፍሱ ተረፈች» አለች። ይህ «ቀኑ ነው» የሚለው ቃል ያን ሌሊት አላስተኛኝም። የሆላንድ ወላጆችም ቀኑ ነው ብለው ቢቀመጡ ኖሮ፣ ዛሬ ብቻቸውን በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የማያቸውን ልጆች ባላየሁ ነበር። ኀዘንተኛ የምናጽናናበት ቃል ጥንቃቄን የምንተውበት ቃል እንዳይሆንብን እፈራለሁ።

ለመሆኑ እኛ የመንገድ ሕግ የለንምን? አለን እንጂ። በላስታ ዳገት ባዶ እጁን የሚሄድ ለተሸከመ ይለቃል፤ ወጣት ለሽማግሌ ይለቃል፤ ለቀብር ለሚሄድና ለታቦት ሁሉም ይለቃል። ለገና ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣውን ተጓዥም እግሩን አጥበን እናሳርፈዋለን። የበረታ ለደከመ ይልቀቅ የሚለው የሆላንዱ ሕግ የእኛም ሕግ ነው። የጎደለን ከእግር መንገዱ ወደ መኪናው መንገድ ማሻገሩ ነው። በእግሩ ሲሄድ ለእናት የሚለቅ ጎልማሳ፣ መሪ ሲይዝ ጡሩምባ እየነፋ ያባርራታልና።

እንግዲህ ከእኛ ከወጣቶች የሚጠበቀው ምንድን ነው?

ሀ) በአገራችን ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. በፊት መኪና የሚነዳው በግራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በቀኝ ነው። ስለዚህ እግረኛ የመንገዱን ግራ ጠርዝ ይዞ ቢሄድ የሚመጣበትን መኪና ፊት ለፊት ያየዋል። ይህን ለታናናሾቻችሁ አስተምሩ።

ለ) ከብት ወይም አህያ ስታሻግሩ አንዱ ቀድሞ ግራ ቀኙን ይይ፤ ሌላው ከኋላ ይንዳ።

ሐ) የሆላንድ ልጆች አንደኛ ደረጃን ከመጨረሳቸው በፊት በብስክሌት መንገድ ላይ ወጥተው ይፈተናሉ። እናንተም ከትምህርታችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ወስዳችሁ ሕፃናቱን መንገድ ማቋረጥን አለማምዱ።

መ) ባጃጅና መኪና የምትነዱ ወንድሞች፣ ከትምህርት ቤትና ከገበያ አጠገብ ስትደርሱ ጡሩምባውን ትታችሁ ፍሬኑን ያዙ።

ያቺን መስቀለኛ መንገድ ዛሬም አልተውሁም። እኒያን እናት አንዳንድ ጠዋት አያቸዋለሁ። ደወላቸውን ሳይደውሉ ጠርዜን ይዤ እቆማለሁ፤ እርሳቸውም እጃቸውን አንሥተው ያልፋሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችን መንገድ ላይ «ቀኑ ነው» ተብሎ የታለፈ፣ ነገር ግን ሊቀር ይችል የነበረ አደጋ የትኛው ነው?
2. በእግር መንገድ ለማን ትለቃላችሁ? በመኪና መንገድስ?
3. ሕፃናት መንገድ የሚያቋርጡበት አስጊ ቦታ የት ነው? እዚያ ቆሞ የሚጠብቃቸውስ ከእናንተ ማን ይሁን?